ቦታ እየያዘ ነው

የመሪጌታ ላቀውን ማረፍ የሰማሁት ከአንድ ላፕቶፕ ጋር እየተጣላሁ ሳለ ነው። ከጋይንት የመጣ የሚኒባስ ሹፌር በሩ ላይ ቆመና፣ «የመሪጌታ ላቀው ኮምፒውተር ቤት ይህ ነው?» አለ። ቀና ሳልል ነው አልሁት።

«ማስተዋል የምትባል አለች?»

«እኔ ነኝ።»

ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናሽ። መሪጌታ እኛ ጋ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አርፈው ሐሙስ ተቀበሩ። የላኩኝ የድጓ መምህሩ የኔታ ናቸው፤ ላንቺ የተቀመጠ አደራ አለ፣ መጥታ ትውሰድ ብለዋል።»

ላፕቶፑ አንድ ጌም ሊያወርድ ዲስኩ ላይ ቦታ እየያዘ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ቦታ ሲይዝ ውሎ አረንጓዴዋ መስመር ከሩቡ አላለፈችም። ልሰርዛት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መለስሁት። ሹፌሩ ሲሄድ በሩን ገርበብ አድርጌ አለቀስሁ።

ሊያጽናናኝ የመጣው ሰው ሁሉ፣ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዕድሜም ሄዷል፣ ደግሞም ቅዱስ ቦታ ነው ያረፉት» ይለኛል። ልክ ነው። እኔን የሚያንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አስም ያለባቸውን የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ወደዚያ ብርድ የላክኋቸው እኔ ነኝ። በክፋት አይደለም፤ ስለ ኮምፒውተር በሰጠኋቸው በአንዲት ማብራሪያ ነው። የሄዱበትን ጨርሰው ከሆነ ልቤ ያርፋል፤ ሳይጨርሱ ከሆነ ግን ራሴን ምን ብዬ እንደማጽናና አላውቅም ነበር።

መሪጌታን ያወቅኋቸው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ወረቀቴን ታቅፌ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ እናቴ ቤት ከተቀመጥሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ካለች ጠባብ ክፍል በር ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ መዝሙርና ጌም እንጭናለን፤ ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት አየሁና ገባሁ። ጌም የሚጭን ሰው ጎረምሳ ነገር ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ የሱፍ ቆብ ያጠለቁ፣ ኮታቸው ላይ ነጠላ ያጣፉ ቀጭን ሽማግሌ በሁለት ጣታቸው ይጽፋሉ።

«ግዕዝ ታነቢያለሽ?» አሉኝ።

«አላነብም።»

«ኮምፒውተርስ?»

«ተመርቄበታለሁ።»

«ጸጥ ብለሽ መቀመጥስ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አልሁ። በዚያች ክፍል ውስጥ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው።

መሪጌታ የሚለውን ማዕርግ ራሳቸው አይወዱትም ነበር። ከልጅነታቸው ጀምረው ጋይንት ባለው የቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ሲማሩ ኖረው፣ ተፈትነው ሊያስመሰክሩ ሲቃረቡ አባታቸው ሞቱባቸው። ታናናሾቻቸውን የሚያሳድግ አልነበረምና ትምህርቱን አቋርጠው ወደ እስቴ ተመለሱ። አረሱ፣ አገቡ፣ ወለዱ፤ ጉልበታቸው ደከም ሲል ለየደብሩና ለባለጉዳይ በጽሕፈት መኪና ይጽፉ ጀመር። የጽሕፈት መኪናው ቦታውን ለኮምፒውተር ለቀቀ፣ ኮምፒውተሩም ጌም ጎትቶ መጣ። «ያላስመሰከረ ሰው መሪጌታ አይባልም፤ ላቀው በሉኝ» ይላሉ። የሚሰማቸው የለም። የእኛ አገር ሰው አንዴ መሪጌታ ካለህ ብትለምነውም አይለቅህ።

በጽሑፍ ጉዳይ ግን ማንም አይደርስባቸውም። ስለ በሬ ክርክር ማመልከቻ ሊያጽፍ የመጣ ገበሬ ስለ ንጉሡ «ሠ» እና ስለ እሳቱ «ሰ» ትምህርት ወስዶ ይወጣል። ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ያደርጋሉ፤ አቧራ ይኑርበት አይኑርበት ግድ የላቸውም። ሲስቁ ድምፅ የለም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ምሳ የምንበላው አብረን ነበር፤ እኔ እናቴ የቋጠረችልኝን፣ እርሳቸው ዳቦና ሽንብራ።

አንድ ጊዜ በከተማው የታወቁ ቄስ መጡባቸው። «መሪጌታ፣ ከቤተ ልሔም ወጥተው የሰይጣን ጨዋታ ይጭናሉ አሉ፤ እውነት ነው?» አሏቸው። መሪጌታ አልተከራከሩም። ወንበሩን ጠረጉና፣ «ይቀመጡ አባ፤ አይተው ይፍረዱ» አሏቸው። የባጃጅ ሹፌሩ ደረጀ ያን ጊዜ የመኪና ውድድር ጌም እየሞከረ ነበር። ቄሱ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው ተመለከቱ። ቀጥሎ መስቀላቸውን እንደ ጨበጡ ብድግ አሉ፦ «ዙር! ዙር እንጂ አንተ! ገደል ነው!» ሲወጡ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ሰይጣን እንኳ የለበትም፤ ሹፌሩ ግን መንጃ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው እንጃ።» የመሪጌታ ትከሻ ሳምንቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ።

ኢንተርኔቱ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ፣ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ወደ እኛ ጎረፈ። ቀድሞ ጌም የምንጭነው ከፍላሽ ነበር፤ አሁን በቀጥታ ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመርን። ላፕቶፖቹ ግን ብዙ እጅ የዞሩ፣ ዲስካቸው የደከመ ናቸው። ማውረጃው ፕሮግራም ደግሞ ጌሙን ማምጣት ሳይጀምር መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ቦታ ይይዛል። ጌሙ ስድሳ ጊጋ ከሆነ ስድሳውን ጊጋ አስቀድሞ ይከልላል። አዲስ ማሽን ላይ ዐይን ሳይጨፈን የሚያልቀው ይህ ሥራ እኛ ጋ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይወስዳል። አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ትሳባለች፤ ከእርሷ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ጌሙ አልመጣ፣ ኢንተርኔቱም ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

እኔ ይህን አልችለውም ነበር። መስመሯን ባየሁ ቁጥር «ስንት ቀረው?» እላለሁ፤ የምጠይቀው ማንን እንደሆነ እኔም አላውቅም። መሪጌታ ዘማሪ የሚያስቆሙ ይመስል መዳፋቸውን ከፍ ያደርጉና፣ «ቦታ ይያዝ፤ ቃሉ ይመጣል» ይሉኛል። ማውሱን ሳንኳኳ ከሰሙ፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይጨምራሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉኝ ቀን፣ «እንቁላሉ እስኪሄድ ደንበኛው ሄደ» አልኋቸው።

ደንበኛው ግን አይሄድም ነበር። ደረጀ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ ይውልና፣ በየዙሩ ብቅ እያለ ይጠይቃል።

«ጀመረልኝ?»

«ቦታ እየያዘ ነው» ይሉታል መሪጌታ።

«የከተማ ቦታ ነው እንዴ መሪጌታ? እሱም እንደዚህ አልቆየብኝ!»

«የከተማ ቦታ ሲሰጥህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«አጥራለሁ።»

«በል እያጠረልህ ነው። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔም እርሳቸውም አንዲቱን መስመር እያየን ተቀምጠን፣ «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ሲሠራ ነው የሚውል?» ብለው ጠየቁኝ። በትምህርቴ ተጠይቄ አላውቅም ነበርና ደስ ብሎኝ አብራራሁ። ዲስኩ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዜሮ እየጻፈ ነው፤ ጌሙ ሲመጣ እያንዳንዱ ነገር የሚያርፍበትን ቦታ እያዘጋጀ ነው አልኋቸው።

«ዜሮ ማለት ባዶ አይደለም?»

«ነው።»

«ባዶ ይጻፋል እንዴ?»

«ይጻፋል፤ አሁን እያዩት አይደል።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ መሳቢያቸውን ከፍተው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የፍየል ብራና ነበር። ቅጠል በቅጠል ገለጡልኝ። የፊተኛው ግማሽ ተጽፏል። ጥቁሩ ቀለም ያበራል፣ የቅዱሳኑ ስም በቀይ ነው፣ ከቃላቱ በላይ ደቃቅ የዜማ ምልክቶች ተደርድረዋል። የኋለኛው ግማሽ ባዶ መሰለኝ።

«ጣትሽን አስኪጂበት» አሉኝ።

አስኬድሁት። መስመር ነበረው። በወስፌ ተጭኖ የተሰመረ፣ ቀለም የሌለው፣ ብርሃን በጎን ካልመታው የማይታይ መስመር፤ በየገጹ፣ እስከ መጨረሻው ቅጠል።

«የድጓ ተማሪ የራሱን ድጓ ራሱ ይጽፋል» አሉኝ። «በመስመርና በመስመር መካከል ለምልክቱ ቦታ መተው አለብሽ። ካልተውሽለት ቃሉ ይገባል፣ ዜማው መግቢያ ያጣል። ጓደኞቼ ጥቂት ያሰምሩና ይጽፋሉ፣ ደግሞ ያሰምራሉ። እኔ ግን ሁሉም አስቀድሞ ይሰመር ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ አሰመርሁ። ግማሹን እንደ ጻፍሁ አባቴ ሞተ።»

«ለምን አይጨርሱትም ታዲያ? ቤትዎ ቁጭ ብለው።»

«ቤት ተቀምጦ አይሆንም። መምህር ፊት እየታረመ ነው የሚጻፍ።»

«እና ሄደው...»

«የእኔ የኔታ ሞተዋል» አሉ። ብራናውን መጠቅለል ጀመሩ። «አሁን በመምህርነት ወንበሩ ላይ ያለው በትምህርት ቤት ታናሼ ነበር። ፊደል ያስቆጠርሁት፣ ውኃ ይቀዳልኝ የነበረ። በዚህ ዕድሜዬ ሄጄ ከእርሱ እግር ሥር ልቀመጥ? ይልቅ የደረጀን እዪለት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገራቸው ገባኝ። አንድ ላፕቶፕ ቦታ ሲይዝ እርሳቸው ብራናቸውን አውጥተው አቧራ ይጠርጋሉ፤ ባዶውን ገጽ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ላፕቶፑ ማውረድ ሲጀምር ጠቅልለው ይመልሱታል። አንድም ቀን ቀለም አላነሡም። ጽሑፉ ከቆመ ሠላሳ አምስት ዓመት ማለት ነው። ያሳዝኑኝም ያናድዱኝም ነበር። እኔ አንድ ሰዓት መጠበቅ የማልችል ሰው፣ የሰውዬው መጠበቅ ራሱ ያስቆጣኝ ነበር።

ያቺን ማብራሪያ የሰጠሁባት ቀን የመጣችው በዚህ መካከል ነው። መሪጌታ ለሦስት ቀን ለቅሶ ገጠር ሄዱ፤ ደረጀ አዲስ ጌም እንድናወርድለት ላፕቶፑን እኔ ዘንድ ትቶ ሄደ። መስመሯ ሩብ ላይ ቆመች። የሚከለክለኝ ስለሌለ ሰረዝሁና እንደገና ጀመርሁ፤ በዚያ የሚፈጥን መስሎኝ። እንደገናም ቆመች። ሰረዝሁ። እያንዳንዷ መጀመሪያ ላይ ሮጥ ትላለች፣ እኔም በዚያች ሩጫ እታለላለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ሰረዝሁ አላስታውስም። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ ቦታ የለም አለ። ከፍቼ አየሁት፤ ጥቂት መዝሙርና የሠርግ ፎቶ ብቻ። ነገር የሌለበት ዲስክ ሞልቷል።

ደረጀ መጥቶ፣ «ምን አድርገሽው ነው? ባዶ ነበር እኮ!» እያለ ሲጮህብኝ መሪጌታ ከለቅሶው ደረሱ። ስንት ጊዜ እንደ ሰረዝሁ ነገርኋቸው። ያን ጊዜ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ተቆጡኝ።

«ቦታ ሲይዝ አይነካም ብዬሽ አልነበረም? እጅሽ ምን ነክቶታል? አንቺን የሚያሳድድሽ ማነው?»

አፍሬ፣ አፌን ዘግቼ ዲስኩን ስበረብር ዋልሁ። አመሻሹ ላይ ዲስኩን የሞላውን አገኘሁት። የተደበቀ ማኅደር ውስጥ ተኝቶ ነበር። መሪጌታ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ቁጣቸው በርዶላቸው፣ «ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ስሰርዘው የያዘውን ቦታ አለቀቀም ኖሯል» አልኋቸው። «ይኸው፣ አንዱ ላይ አንዱ ተደራርቦ። ሁሉም ተይዟል፤ ግን ምንም አልተጻፈበትም። ጌሙ አልገባበት፣ ሌላም ነገር አይገባበት።»

«ታዲያ ምን ይሻለዋል?»

«ሁለት መንገድ ነው ያለው። ወይ ከሥሩ አጥፍቶ ቦታውን መልቀቅ ነው፤ ወይ ካቆመበት ቀጥሎ መጻፍ።»

«ሦስተኛ የለውም?»

«የለውም። እንዲሁ ከተተወ ዲስኩን ይዞ መቀመጥ ነው፤ ለማንም ሳይሆን።»

ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ስለ ላፕቶፑ የተጨነቁ መሰለኝ። ቆይተው፣ «ብዙ ቢቆይስ? ካቆመበት ይቀጥላል?» አሉኝ።

«ካልተበላሸ ምን ቸግሮት።»

«አልተበላሸም» አሉ። የሚያስቡት ስለ ላፕቶፑ አልነበረም ለካ። እኔ ግን የደረጀን ዲስክ ለማጽዳት ተጣድፌ ስለ ነበር ዘወር ብዬ አላየኋቸውም። ይህን እስከ ዛሬ እቆጭበታለሁ።

መስቀል በዋለ በሳምንቱ ቁልፉን ሰጡኝ። ብራናቸውን በብብታቸው ይዘዋል፣ ጋቢ ደርበዋል።

«ወዴት ነው?»

«ቤተ ልሔም። ልቀጥለው።»

ሳቁ መስሎኝ ትከሻቸውን አየሁ፤ አልተንቀሳቀሰም። ደነገጥሁ። «አስምዎስ? የጋይንት ብርድ እኮ...»

«አንቺው ነሽ ሦስተኛ የለውም ያልሽኝ።»

«እኔ ያልሁት ስለ ዲስክ ነው!»

«እኔም የሰማሁት ስለ ዲስክ ነው» አሉ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ «የክርስትና ስምሽ ማነው?» አሉኝ።

«ወለተ ሐና።»

ለጸሎት መሰለኝ። መናኸሪያው ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ደረጀ ግን መሪጌታ በእግራቸው አይሄዱም ብሎ በባጃጁ አሳፈራቸው፣ ከተማውንም አንድ ጊዜ ሙሉ አዞራቸው። ባጃጁ ውስጥ ሆነው ለሰው ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ሲሰናበቱ ትዝ ይሉኛል።

እሑድ እሑድ ኔትወርክ ከሚገኝበት ኮረብታ ላይ ይደውሉልኝ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ፣ «ታናሼን የኔታ ብዬ ጠራሁት» አሉኝ። «እግሩ ሥር ተቀመጥሁ። እርሱ አለቀሰ፤ እኔ አላለቀስሁም።» እኔ የማውቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ቀረዎት?» «ቦታው ተይዟል፤ ቃሉ እየመጣ ነው» ይሉኛል። ወራቱ ሲያልፍ ከቃላቸው ይልቅ ሳላቸው ይሰማኝ ጀመር። ይመለሱ፣ ሲሻልዎት ይጨርሱታል ብዬ ለመንኋቸው። «ሁለት ጥራዝ ነው የቀረኝ፤ ጥቂት ቅጠል ነው» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ አልደወሉም። በሚቀጥለውም።

መርዶው በመጣ በሦስተኛው ቀን ተነሣሁ። በደብረ ታቦር ዞሬ ጋይንት ገባሁ፣ ከመኪናው ወርጄ ደግሞ በእግሬ ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ጥራዝ ብለው ነበር፤ ጨርሰዋቸው ይሆን?

የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ተቀበሉኝ። የሃምሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ሽበት ጀማምሯቸዋል። መስቀል ተሳልሜ ተቀመጥሁ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ራሳቸው አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። ጥራዞቹ አልተሰፉም። ቅጠሎቹን ገለጥሁ። ባዶ የነበረው ሁሉ ተጽፏል፤ ከአሮጌው ጽሑፍ ይልቅ እጁ ከበድ ያለ፣ ግን መስመሩን ያልለቀቀ። ገለጥሁ፤ ተጽፏል። ገለጥሁ፤ ተጽፏል። ቀጥሎ አንድ ገጽ መካከል ላይ ቃሉ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው ቅጠል ባዶ ነበር። የሚቀጥለውም።

«አልጨረሱም» አልሁ።

«አራት ቅጠል ቀረባቸው» አሉ የኔታ።

ያን ጊዜ ያፈንሁት ሁሉ ገነፈለ። «እኔ ነኝ የላክኋቸው የኔታ» አልሁ እያለቀስሁ። «ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። ታመው እያለ፣ አፌን ሳልገታ፣ ወደዚህ የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን» አሉኝ በለዘብታ። «ተጽፏል።»

አልገባኝም። ብራናውን ከእጄ ተቀብለው የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡልኝ። ከአራቱ ባዶ ቅጠሎች ማዶ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ በሚመጣው ገጽ ላይ፣ ሦስት መስመር ጽሑፍ አለ። የኔታ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ፦ «ለዘጸሐፎ ኃይለ ማርያም፣ ወለእንተ አጽሐፈቶ ወለተ ሐና፣ ኅቡረ ይምሐሮሙ እግዚአብሔር።» ለጻፈው ለኃይለ ማርያም፣ ላስጻፈችው ለወለተ ሐና፣ እግዚአብሔር በአንድነት ይማራቸው ማለት ነው። ኃይለ ማርያም የመሪጌታ የክርስትና ስም ነው። ስሜ በቀይ ነበር።

«መቼ ጻፉት?»

«በመጡ ማግስት። ሌላውን ከመቀጠላቸው በፊት። ይህ እኮ በመጨረሻ ነው የሚጻፍ ብላቸው፣ ‹ቦታ ልያዝላት› አሉኝ።»

ማልቀስም መሳቅም አቃተኝ። «እንዴት አመስግነውኛል» አልሁ።

«ለምስጋና መሰለሽ?» አሉ የኔታ። ፈገግታቸው መጣ። «ያስጻፈ ሰው በእኛ ወግ መጽሐፉ ሳይፈጸም አይሰናበትም። ጸሐፊው ቢሞትበት ሌላ ጸሐፊ ፈልጎ ያስፈጽማል። ስምሽ እዚያ ያለ ሥራ ስለ ቀረሽ ነው። አራት ቅጠል ነው፤ መስመሩን ላቀው አስምረውልሻል። ጸሐፊ ካጣሽ እኔ አለሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርሳቸው ናቸው።»

«ይጻፉልኝ፣ የኔታ» አልሁ፣ ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ።

የመቃ ብዕራቸውን ቀረጹ፣ ቀለሙን አስጠጉ። ከመጀመራቸው በፊት ባዶውን ቅጠል ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው፣ መሪጌታ ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት በወስፌ የተዉትን መስመር በጣታቸው ፈለጉ። አገኙት። የመጀመሪያዋን ፊደል ቀስ ብለው አኖሩ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት። አጠገቤ ያለውን ድንጋይ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና ተቀመጥሁ።